አብሽ የሚሸት ዳይፐር

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሪ መጣ። የምሠራው ከቤቴ ነው፤ አሜሪካ ያሉ ሆስፒታሎች አማርኛ የሚናገር ቤተሰብ ሲገጥማቸው ታብሌት አልጋው አጠገብ ያቆሙና እኔን ወይም እንደኔ ያለች አስተርጓሚ ይጠራሉ። ከወገቤ በላይ ጃኬት፣ ከወገቤ በታች ፒጃማ ለብሼ ካሜራውን ከፈትኩ። አንዲት ወጣት ሐኪም፣ የሦስት ቀን አራስ፣ እና ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡ አያት ታዩኝ። (እነማን እንደሆኑ የሚያሳውቀውን ሁሉ ትቼዋለሁ፤ አንዳንዱንም ሆን ብዬ ለውጬዋለሁ።)

ሐኪሟ ሰላምታ እንኳ ሳታበዛ እናትየዋን «በዚህ ሳምንት ምን ምን በልተዋል?» ብላ ጠየቀች።

አያትየው ቀደሙ። «ምን በላች ይሉኛል እንዴ? እኔ ያበላኋትን ነዋ! ልጁ ምን ሆነብኝ?»

የሥራችን ደንብ አጭር ነው። የተባለውን ሁሉ በዪ፣ ያልተባለ አትጨምሪ። ሐኪሟ «እኔ» ስትል አንቺም «እኔ» በዪ፤ አያቷ ሲቆጡ አንቺም ተቆጪ። ተቆጣሁ። ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ የዶሮ ሾርባ። «አብሽ ደግሞ ከምጧ በፊት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት። ነክሬ፣ መራራውን ውሃ ደፍቼ፣ መትቼ፣ በማር።»

አብሽን በእንግሊዝኛ ስናገር ሐኪሟ አስደገመችኝ። ወደ ነርሷ ዞረች፤ ሁለቱም በረጅሙ ተነፈሱ። ነርሷ ዳይፐር ስትቀይር የልጁ ሽንት ሽሮፕ ሽሮፕ ሸትቷት ኖሯል። እንዲህ የሚሸት በሽታ አለ። የሕፃኑ ሰውነት በፕሮቲን ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች ሦስቱን መሰባበር ያቅተውና የእናቱ ጡት ሳይቀር መርዝ ይሆንበታል፤ ካልተደረሰለት በቀናት ውስጥ አንጎሉ ይጎዳል። ጆን ሜንክስ የተባለ ሐኪም በ1954 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ከአንድ ቤት የተወለዱ አራት ሕፃናትን ታሪክ ሲጽፍ፣ ሽንታቸው ሰሜን አሜሪካውያን ፓንኬክ ላይ የሚያፈሱትን የሜፕል ዛፍ ሽሮፕ ይሸት ነበር፤ የበሽታው ስም ከዚያ ወጣ። ለሽታው ምክንያት የሆነው ነገር ሶቶሎን ይባላል። ይኸው ሶቶሎን ነው አብሽን አብሽ የሚያሸተው። አብሽ የጠጣች እናት የወለደችው ልጅ ሐኪሞችን እንዳስደነገጠ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተጽፏል፤ የኛ አያት የመጀመሪያዋ አይደሉም።

ደሙ ግን ለማንኛውም ተላከ። ቤተሰቡ ሲሰናበት ጥሪው በአጋጣሚ እኔው ዘንድ ደረሰ፤ ልጁ ምንም የለበትም። አያትየው ታብሌቱን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አብሽ መጥፎ ነው ካሉ እኔ አላምንም በያቸው» አሉኝ። አልኳቸው።

ለኔ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ዓመታት ሙሉ የሐኪሞችን ቃል ስመነዝር ኖሬ፣ ያ ሽታ ከየት ተነስቶ ነርሷ አፍንጫ ድረስ እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ማንበብ ጀመርኩ። ንባቡ የወሰደኝ ወደ ሌላ ሽታና ወደ ሌላ እናት ነው።

ኦስሎ፣ 1934። ቦርግኒ ኤግላንድ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ሊቭ የምትባል ሴትና ዳግ የሚባል ወንድ። ሁለቱም ጤነኛ መስለው ተወለዱ፤ ሁለቱም እያደጉ ሲሄዱ አእምሯቸው ወደ ኋላ ቀረ። ሊቭ ስድስት ዓመት አልፏት የምትናገረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር። ዳግ አራት ዓመቱ ሆኖ አይናገርም፣ አይራመድም። እናትየዋ ግን ሐኪሞቹ ቁብ ያልሰጡት አንድ ነገር ታውቅ ነበር፤ ልጆቿ ላይ የማይለቅ፣ የሻገተ ዓይነት ሽታ አለ። ይህንኑ ይዛ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ዞረች። እኛ አገር ቢሆን ከጠበል ወደ ጠበል፣ ከአዋቂ ወደ አዋቂ እንደሚኬደው መሆኑ ነው። የሚመልስላት ጠፋ።

በመጨረሻ አስቢዮርን ፎሊንግ ዘንድ ደረሰች። ፎሊንግ ሐኪም ከመሆኑ በፊት ኬሚስትሪ ያጠና ሰው ነው። ልጆቹን መረመረ፣ ይህ ነው የሚባል ነገር አላገኘም፤ ለወጉ ያህል የሽንት ምርመራ ጨመረ። በዚያ ዘመን በሽንት ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ወይ ቀለሙ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል፣ ወይ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። የእነዚህ ልጆች ሽንት ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም ቀለሙ ጠፋ። ፎሊንግ እንዲህ ያለ ነገር ዓይቶም አንብቦም አያውቅም።

እዚህ ጋ ቆም እላለሁ። ምክንያቱም ነገሩ እዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ልጆቹ እንደማይድኑ ግልጽ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ አለ፤ አረንጓዴ ቀለም ደግሞ የማንም ሥራ አይደለም። ፎሊንግ ግን ምናልባት የሚወስዱት መድኃኒት ይሆናል ብሎ መድኃኒቱን ሁሉ አስቆመና እንደገና ሽንት አምጪ አላት። አሁንም አረንጓዴ። ደግሞ አምጪ። እሷ ታመጣለች፣ እሱ ያጣራል፣ ያተናል፣ ክሪስታል ያወጣል። ቁስ በቁስ እየለየ ሄዶ ሄዶ ፊኒልፒሩቪክ አሲድ የተባለ፣ በሰው ሽንት ውስጥ ምንም ጉዳይ የሌለው ነገር ላይ ደረሰ። ከዚያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከሚኖሩባቸው ተቋማት 430 ሰዎችን መረመረ። የስምንቱ ሽንት አረንጓዴ ሆነ። ከቦርግኒ ልጆች ጋር አሥር። የደም ዝምድና ያላቸው ቤተሰቦች ውስጥ መደጋገሙንም ስላየ በዘር እንደሚተላለፍ ገባው። ዛሬ በሽታውን ፊኒልኬቶኑሪያ ወይም በአጭሩ ፒኬዩ ይሉታል።

በጎ ፈቃደኛ ሲባል የሚታየን ባለ አንድ ዓይነት ቲሸርት ወጣት፣ መጥረጊያና የፎቶ ካሜራ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምላቸው በጎ ፈቃደኞች ግን ካርድም ቲሸርትም የላቸውም። የቀን ሥራቸው ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ማንም ያላዘዛቸውን የአንድ ልጅ ጥያቄ ይዘው ማታ ቤት የሚገቡ ሰዎች ናቸው። በየታሪኩ ደጃፍ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ቆማ አለች።

ቦርግኒ ምን አገኘች? ስም። ፎሊንግ መድኃኒት አልነበረውም። ለዓመታት ስትጠይቅ ኖራ መልሱን ስታገኝ ለልጆቿ የሚረዳ አልሆነም።

ሁለተኛዋ እናት በርሚንግሃም፣ እንግሊዝ። ዘመኑ 1951። ሆርስት ቢክል የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም በሕፃናት ሆስፒታሉ ውስጥ ሺላ በምትባል ትንሽ ልጅ ላይ ፒኬዩ አገኘ። መቀመጥ አትችልም፣ ትጮኻለች፣ ራሷን ትመታለች። ቢክል ኋላ እንደተናገረው ወረቀት ላይ የወጣውን የምርመራ ውጤት ለእናትየዋ ሲያሳያት ምንም አልመሰላትም። እሷ የፈለገችው ሕክምና ነው። ሕክምና የለም አላት። በማግሥቱ ጠዋት ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ አገኛት። በሦስተኛውም ቀን። እየመጣች በሩ ላይ ትቆማለች፤ ዛሬስ ምን አገኘህ?

ይህቺን ሴት አውቃታለሁ። ስሟ ሌላ ነው፣ ነጠላ ለብሳለች፣ ግን አውቃታለሁ። በየክሊኒኩ ኮሪደር «ዶክተሩ እስኪወጣ እዚሁ እቆያለሁ» ትላለች፤ ጸሐፊዋ ቀጠሮሽ ለወር ነው ስትላት እኔን ዞራ «እህቴ፣ ገብቶኛል፣ ግን እቆያለሁ በያት» ትላለች።

ቢክል በር ላይ የቆመችውን ሴት ማለፍ አቃተው። በሽታው ፊኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሰውነት መቀየር ባለመቻሉ የሚመጣ ከሆነ፣ ፊኒልአላኒን የሌለው ምግብስ? ችግሩ፣ ፊኒልአላኒን በፕሮቲን ውስጥ ሁሉ አለ፤ በወተት፣ በሥጋ፣ በጥራጥሬ። ሉዊስ ዉልፍ የተባለ የለንደን ባዮኬሚስት ከወተት ፕሮቲን ውስጥ ፊኒልአላኒኑን በከሰል እያጣሩ ማውጣት እንደሚቻል መከረ። ቢክል ከጆን ጄራርድና ከኤቭሊን ሂክማንስ ጋር ሆኖ በሆስፒታሉ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያን ምግብ ሠራ። ጣዕሙን አልጠይቅም። ሺላ በወራት ውስጥ ለቅሶዋን ቀነሰች፣ ዳኸች፣ ቆመች። ሥራው በ1953 ታተመ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ለውጡ የምግቡ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲሉ ፊኒልአላኒኑን መልሰው ምግቧ ውስጥ ጨመሩ። ለእናትየዋ አልነገሯትም። ልጅቷ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀድሞዋ ተመለሰች፤ እናትየዋ ያየችው ለወራት የገነባችው ነገር ሲፈርስ ነው። ኋላ ማስረጃው እንዲቀረጽ ሲባል ይህንኑ በእሷ ፈቃድ ደገሙት። የሳይንስ ክርክሩ ይገባኛል፤ ያለዚያ ማንም አያምናቸውም ነበር። ግን በየቀኑ በሩ ላይ የቆመችው እሷ ናት። የፈቃድ ወረቀት ሳነብ፣ መስመር እንዳልዘል ሁለት ጊዜ የማነበው ከዚህ በኋላ ነው።

ለሺላ ምግቡ የደረሰው አንጎሏ ከተጎዳ በኋላ ነበር። ምግቡን ገና ከተወለዱ ሳምንታት ሳያልፉ የጀመሩ ሕፃናት ግን ጤነኛ ሆነው እንደሚያድጉ ታየ። እንግዲህ ጥያቄው ሕፃኑ ምንም ምልክት ሳይታይበት እንዴት ይታወቃል የሚለው ሆነ።

ይህን የመለሰው ሮበርት ጋትሪ ነው። የባክቴሪያ ተመራማሪ፣ ቡፋሎ ከተማ፣ የካንሰር ሥራ። ሁለተኛ ልጁ ጆን የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረበት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ። በ1958 ደግሞ የሚስቱ እህት ልጅ ፒኬዩ እንዳለባት ታወቀ፤ ከዓመት በላይ ሆኗት፣ ዘግይቶ። ጋትሪ ስለ ካንሰር ሲመራመር የሚያውቀውን ዘዴ ወደዚህ አዞረው። ባክቴሪያ እንዳያድግ የሚከለክል ነገር ያለበት ሳህን ላይ የሕፃኑ ደም የነካው ትንሽ ክብ ወረቀት ይቀመጣል። ደሙ ውስጥ ፊኒልአላኒን ከበዛ ክልከላው ይሸነፋል፤ ባክቴሪያው በወረቀቱ ዙሪያ አክሊል ሠርቶ ያድጋል። በቃ ይኸው ነው። ደሙ የሚወሰደው ከተረከዝ፣ አንድ ሁለት ጠብታ፤ ወረቀት ላይ ደርቆ በፖስታ ይላካል። በ1963 ከ29 ግዛቶች የመጡ 400,000 ሕፃናት ተመርምረው 39 ልጆች ተገኙ። አእምሯቸው ሳይነካ።

የሰውየውን ነገር የሚነግረኝ ግን ዋጋው ነው። ከፈጠራው አንድ ሳንቲም ላለመውሰድ ፈርሞ፣ ድርሻው ለአካል ጉዳተኞች ማኅበራትና ለዩኒቨርሲቲ ፋውንዴሽን እንዲሄድ አደረገ። ቡፋሎ ውስጥ አንዱን የመመርመሪያ ጥቅል በ6 ዶላር ወጪ ይሠራው ነበር። አምራች ነኝ ብሎ ፈቃዱን የወሰደው ድርጅት 262 ዶላር ሊያስከፍል መሆኑን ሲሰማ ጋትሪ አበደ። ጮኸ፣ ጻፈ፣ የድርጅቱ ብቸኛ ፈቃድ ተነሳ።

አሜሪካ ውስጥ የወለደች ሐበሻ ሁሉ ያቺን የተረከዝ መርፌ ታውቃታለች። «ገና በአንድ ቀኑ ምን አድርጎ ነው የሚወጉት?» ተብዬ ስንት ጊዜ ተጠይቄያለሁ! ዛሬ ከዚያች ወረቀት ላይ የሚመረመረው በደርዘን የሚቆጠር በሽታ ነው፤ ያ አብሽ አብሽ የሚሸተውም አለበት። አገር ቤት የሚወለደው አብዛኛው ሕፃን ግን ተረከዙ አይወጋም። እዚያ ተወልዶ አድጎ፣ አምስት ዓመቱ ላይ በስደት የመጣ ልጅ በዚያች ወረቀት ሊታወቅ ይችል የነበረ በሽታ ሲገኝበት ያስተረጎምኩት ቀን አለ። እናትየዋ ያነሳችው ጥያቄ ስለ ወደፊቱ አልነበረም፤ «እዚህ ቢወለድስ ኖሮ?» አለች። ሐኪሙ ትንሽ ዝም አለና እውነቱን ነገራት። እኔም በ«እኔ» ነገርኳት።

ስለ ቋንቋ ካነሳሁ፣ ይህን ሥራ የሚያከብደው ሳይንሱ አይደለም። ለምሳሌ እነዚህን በሽታዎች በመዝገበ ቃላት ከተረጎምናቸው «ብርቅዬ በሽታዎች» ይሆናሉ፤ አንዳንድ ጽሑፍ ላይም እንዲሁ አይቻለሁ። ብርቅዬ እኮ ዋልያ ነው፣ ቀይ ቀበሮ ነው፣ በቴምብር ላይ የሚሳል ነገር ነው! ለእናት «ልጅሽ ብርቅዬ በሽታ አለበት» ማለት አልችልም። «እምብዛም የማይገኝ» እላለሁ፤ ያኔ ደግሞ «ታዲያ የኔን ልጅ እንዴት አገኘው?» ትላለች።

ከዚህ የባሰው «በዘር የሚተላለፍ» ነው። ዘር ስንል ቤት ማለታችን ነው፣ ወገን ነው፣ ጋብቻ ሲጠየቅ ሽማግሌ የሚያጣራው ነገር ነው። ስለዚህ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ክፍሉ ውስጥ ችሎት ይቆማል። አባትየው «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ አያውቅም» ይላል። እናትየዋ መሬት መሬት ታያለች። ሐኪሟ ከእነዚህ በሽታዎች ብዙዎቹ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሲገናኝ እንደሚመጡ፣ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ሙሉ ጤነኛ እንደሆኑ፣ ሁላችንም ሳናውቀው እንዲህ ያለ ነገር ተሸክመን እንደምንዞር ታስረዳለች። ወይም ለውጡ ከማንም ያልመጣ፣ በዚህ ልጅ የጀመረ ነው ትላለች። እኔ «ዘረመል» እላለሁ። ዘረመል ጥሩ ቃል ነው፤ መዘዙ ግን ቃሉ ውስጥ ያለችው «ዘር» ነች። አንዴ አባትየው ሐኪሟን ከሰማ በኋላ «ስለዚህ ጥፋተኛ የለም?» አለ። የለም አለችው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከወራት በኋላ ያ ቤተሰብ በሌላ ጉዳይ ሲገጥመኝ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ቀድሞ ልጁን መሀል አድርገው ነበር የሚቀመጡት።

በ1983 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ ከ200,000 ያነሱ አሜሪካውያን ላይ የሚገኝ በሽታን መድኃኒት ለመሥራት ኩባንያዎችን የሚያባብል። ለዚህ ዓይነት መድኃኒት ያወጡለት ስም በአማርኛ «ወላጅ አልባ መድኃኒት» ነው። ወላጅ የሌለው መድኃኒቱ ነው እንጂ ልጆቹማ ወላጅ አላቸው፤ አለቅጥ አላቸው። ግን 200,000 ማለት ከተማ ነው። በዓለም ላይ ሠላሳ ልጅ፣ አሥር ልጅ፣ አንድ ልጅ ብቻ ያለበት ለውጥስ?

ሚላ የኮሎራዶ ልጅ ነበረች። በ2016፣ ስድስት ዓመቷ ላይ፣ ባተን የተባለው አንጎልን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ ተገኘባት። ከወላጆቿ በአንዱ በኩል የመጣው ስህተት ታወቀ፤ ሁለተኛው ግን ጠፋ። እናቷ ጁሊያ ቪታሬሎ የተሟላ የዘረመል ንባብ የሚያደርግላት እያፈላለገች በማኅበራዊ ሚዲያ ጥሪ አሰማች፤ ጥሪው ቦስተን ያለ ቲሞቲ ዩ የተባለ ሐኪምና ተመራማሪ ዘንድ ደረሰ። ዩ የተጠየቀው ስህተቷን እንዲፈልግ ብቻ ነበር። አገኛት፤ ወደ 2,000 ፊደል የሚሆን የባዕድ ጽሑፍ በዘረመሏ መሀል ተሰንቅሮ።

ይህን ለቤተሰብ ሳስረዳ ብራና ይረዳኛል። ቁም ጸሐፊው ሲገለብጥ ከሌላ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ መሀሉ ላይ አስገባ እንበል። አንባቢው እዚያ ሲደርስ ይወናበዳል፤ የቀረው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ብራናውን መፋቅ አልተቻለም፤ ግን አንባቢው ያን ቦታ ዘሎ እንዲያልፍ ልኩን የጠበቀ ቁራጭ ወረቀት ቢለጠፍበትስ? ዩ ለአከርካሪ ነርቭ ሕመም በ2016 መጨረሻ የጸደቀ፣ በዚሁ መንገድ የሚሠራ መድኃኒት መኖሩን ያውቃል። 22 ፊደል ያላት ቁራጭ ለሚላ ብቻ ተነደፈች፤ ሚላሰን ተባለች። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቀደ፤ ጥር 2018 ላይ በአከርካሪዋ በኩል የመጀመሪያው መጠን ተሰጣት። ጥሪው ከደረሰ ዓመት ገደማ ነው የፈጀው። ለአንድ ሰው ብቻ ተነድፎ ለዚያው ሰው የተሰጠ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት ነበር። በቀን እስከ ሠላሳ ጊዜ ይጥላት የነበረው ሕመም ቀነሰ፣ አጠረ።

በየካቲት 2021 ሞተች። አሥር ዓመቷ ነበር። መድኃኒቱ የተሳሳተውን ቃል ሸፍኖት ነበር፤ የጠፋውን አንጎል ግን አይመልስም።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈውን ሳነብ የሚያናድደኝ፣ ታሪኩን ሁሉ ተአምር አድርገው ማቅረባቸው ነው። ከሚላ በኋላ የዩ ቡድን ለሌላ ዓይነት ከባድ የሚጥል ሕመም የነደፈው ቫለሪያሰን የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸው ሁለት ልጆች አንጎላቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቀመ፤ አንዷ ሞተች። ይህን ራሳቸው ናቸው ለሙያ ባልደረቦቻቸው በ2022 የተናገሩት። በጎ ፈቃድ ከስህተት አያድንም። ስህተትን ለመናገር ግን ሌላ ዓይነት በጎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእኔ ግምት የሚከብደውም ይኼኛው ነው።

በዚያው ሰሞን ሌሎችም በሮች ተከፍተዋል። ስታንሊ ክሩክ፣ ይህን የቁራጭ ወረቀት ዘዴ ለሠላሳ ዓመት ያህል በንግድ ኩባንያው ሲያሳድግ የኖረው ሰው፣ በ2020 ኤን-ሎሬም የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሠረተ፤ በዓለም ላይ ከአንድ እስከ ሠላሳ ሰው ብቻ ላለበት ለውጥ መድኃኒት ነድፎ በነጻ፣ ለዕድሜ ልክ ይሰጣል። ኤን በጥናት ጽሑፍ ውስጥ የተሳታፊ ቁጥር የምትጻፍባት ፊደል ናት። ሌይደን፣ ሆላንድ ውስጥም አኔሚኬ አርትስማ-ሩስና ባልደረቦቿ በተመሳሳይ ዓላማ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል አቋቁመዋል። በ2025 ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ ኬጄ ለተባለ ሕፃን ርቤካ አረንስ-ኒክላስና ኪራን ሙሱኑሩ የዘረመሉን አንድ ፊደል ጉበቱ ውስጥ የሚያርም ሕክምና በስድስት ወር ውስጥ አዘጋጁ፤ ከተወለደ ጀምሮ ሆስፒታል የቆየው ልጅ በ307ኛው ቀን ቤቱ ገባ። በስም ካነበብኳቸው ልጆች ሁሉ በጊዜው የተደረሰለት እሱ ነው። ከሱ በፊት ያሉትን ስቆጥር፣ ሊቭና ዳግ፣ ሺላ፣ የጋትሪ ሚስት የእህት ልጅ፣ ሚላ፣ በሩ የተከፈተው በእነሱ ነው፤ የገቡት ሌሎች ናቸው።

ይህን በአማርኛ ለእናት እንዴት እንደምል ለዓመታት ሳስብ ኖሬያለሁ። ሐኪሞቹ የምርምር ፈቃድ ሲያስፈርሙ የሚናገሯት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ይህ ጥናት ልጅዎን በቀጥታ ላይጠቅም ይችላል፤ ወደፊት የሚወለዱ ልጆችን ግን ሊረዳ ይችላል።» በእንግሊዝኛ ለስላሳ ነች። በአማርኛ እንዳለች ስትወጣ ብርድ አላት። ለማሞቅ መብት የለኝም፤ ያልተባለ አልጨምርም። አንዲት እናት ሰምታኝ ስታበቃ «ወደፊት የሚወለዱት የማን ልጆች ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሙ እንደማያውቅ ነገራት። «እሺ» አለችና እስክሪብቶ ፈለገች።

ባለፈው እሁድ ማታ፣ እራት ላይ ሆኜ፣ የስልክ ጥሪ ደረሰኝ፤ ቪዲዮ የለውም። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ የገጠመኝ የዘረመል ሐኪም ነው። በሱ በኩል ሳህን ሲታጠብ ይሰማል፤ ልጅ ትስቃለች። በሌላው በኩል እናትየዋን አገናኙን፤ ልጇ ገና ስም ያልወጣለት ሕመም አለበት፤ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዛሬ ሥራ አይደለሁም፣ ውጤትም የለኝም፣ አትደንግጪ አላት። የልጁን ዝርዝር ቤቱ ሆኖ ደግሞ ሲያየው ነበር፤ አንድ ነገር መጠየቅ ፈለገ። ልጁ ሲተኛ የሚያደርገው የእጅ እንቅስቃሴ፣ ከታመመ በኋላ የመጣ ነው ወይስ ከዚያ በፊትም ነበር?

እናትየዋ አሰበች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ከተወለደበት ሌሊት ጀምራ። ሐኪሙ አላቋረጣትም። የሳህኑ ድምፅ ቆመ፤ ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ። «እና ያኔ የትኛው እጁ ነበር?» አለ። «የግራው» አለች። «የግራው» አልኩ።

ስንጨርስ በየጥሪው መጨረሻ የሚመጣው ሰሌዳ ስልኬ ላይ ወጣ፤ 41 ደቂቃ። በደቂቃ ነው የሚታሰብልኝ። በዚያ ስልክ ላይ የተከፈለን ሰው ብትሉኝ እኔ ብቻ ነኝ። እራቴ በርዷል፤ አሙቄ በላሁ።